ስለ ኤን.ኢ.ኤስ የሚባለውና እውነታው

ኒንቴንዶ በፈረንጆቹ 1983 ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም ብሎ ያወጣውን ኮንሶል (ቲቪ ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን)፣ በ1985 መልኩን ቀይሮ አሜሪካ ሲያስገባው ኤን.ኢ.ኤስ አለው። «የመጀመሪያው የቤት ጌም» የሚሉት አሉ፤ ማግናቮክስ ኦዲሲ የተባለው ኮንሶል ግን በ1972 ገበያ ላይ ነበር።

«የጌም ካሴቱ እምቢ ሲል እፍ በለው።» የሚያስነሳው ትንፋሹ ሳይሆን ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነው። ካሴቱ የሚሰካበት ሶኬት 72 ፒን (ቀጫጭን የብረት መገናኛ) አለው። ካሴቱ ገብቶ ወደ ታች በተጫነ ቁጥር ፒኖቹ ይጎብጣሉ፤ ውሎ አድሮ ይላላሉና የካሴቱን ጥርሶች (ጫፉ ላይ ያሉትን የብረት መገናኛዎች) በደንብ አይነኩም። ዳግም ሲሰካ ጥርሱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ስለሚያርፍ አንዳንዴ ይገናኛል። ትንፋሽ እርጥበት ስላለው ጥርሱን እያደር ይበላዋል። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጆሮ ጥጥ ነክሮ፣ ጥጡ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም ጥርሶቹን መጥረግና ሳይደርቅ አለመሰካት ነው መፍትሔው።

«ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ማሽኑ ሞቷል።» አልሞተም። ያልተፈቀደ ጌም እንዲያግድ የተገጠመው ቺፕ ካሴቱ ውስጥ ካለው አቻው ጋር መግባባት ሲያቅተው ማሽኑን በየሰከንዱ ገደማ ሪሴት ያደርገዋል። ሰበቡ ብዙ ጊዜ ያው የቆሸሸ ጥርስ ወይም የላላ ፒን ነው።

«ሽጉጡ ብርሃን ይተኩሳል።» ቲቪው ላይ የሚነጣጠረው የኤን.ኢ.ኤስ መጫወቻ ሽጉጥ ምንም አይተኩስም፤ ያያል እንጂ። ዳክ ሀንት በተባለው የዳክዬ አደን ጌም ላይ ምላጩ ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ይወጣል። አፈሙዙ ውስጥ ያለው ሴንሰር መጀመሪያ ጨለማ፣ ቀጥሎ ብርሃን ካየ ተመታች ማለት ነው። አምፖል ላይ አነጣጥሮ ማጭበርበር የማይሠራው ለዚህ ነው፤ አምፖል በመሃል አይጠፋማ። ፍላት ስክሪን ላይ ደግሞ ምስሉ ይዘገያል፣ ሴንሰሩም የተቃኘው ለድሮው ባለ ቱቦ ቲቪ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ አልሠራ ካለ ሽጉጡን ፈታቶ መጠገን ከንቱ ድካም ነው።

ኪስ የሚጎዳው ስህተት «ጫፉ ከገባ አዳፕተሩ ይሆናል» የሚለው ነው። የኤን.ኢ.ኤስ አዳፕተር የሚያወጣው 9 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ነው፤ ፋሚኮም የሚፈልገው 10 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር)፣ የጫፉ መሃል ኔጌቲቭ የሆነ። ኤሲውን ፋሚኮም ላይ የሰካ ማሽኑን ያቃጥላል። ኤን.ኢ.ኤስ በውስጡ ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር ክፍል) ስላለው ዲሲም ይቀበላል።

«ምስሉ የሚቆራረጠው ካሴቱ አርጅቶ ነው» ለሚሉ፦ የግራፊክስ ቺፑ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ተንቀሳቃሽ ምስል መሳል አይችልም። ፕሮግራመሮቹ አንዱ ጨርሶ ከሚጠፋ ብለው ተራ በተራ ያሳዩዋቸዋል። ካሴቱ አዲስ እያለም እንዲሁ ነበር።