ሕዝባዊ አመጽና የማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አመጹን ያቀጣጠለው ፌስቡክ ነው»

ቱኒዚያን እንይ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2010 ሲዲ ቡዚድ በምትባል ከተማ የጎዳና ሻጩ መሐመድ ቡአዚዚ ራሱን ካቃጠለ በኋላ የተደረገው ሰልፍ በስልክ ተቀርጾ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ኢንተርኔት የሌለው ሰው ያየው ግን አልጀዚራ ቪዲዮውን ወስዶ በሳተላይት ሲያሰራጨው ነው። ሥራ አጥነቱና በደሉ ደግሞ ከፌስቡክ በፊትም ነበሩ።

«ኢንተርኔት ሲዘጋ ሰልፉ ይበተናል»

ግብፅ ጃንዋሪ 28 ቀን 2011 ኢንተርኔትም ሞባይልም ተዘግቶ እያለ ሕዝቡ ከመስጊድ እየወጣ አደባባይ ሞላ። በሱዳንም ጁን 2019 ኢንተርኔት እንደተዘጋ ነው የጁን 30 ታላቅ ሰልፍ በጽሑፍ መልእክት፣ በበራሪ ወረቀትና በሰፈር ኮሚቴዎች የተጠራው። መዝጋቱ በእርግጥ የሚጎዳው ማጣራትን ነው፤ ማን ሞተ፣ የት ተተኮሰ የሚለው ሳይረጋገጥ ይከርማል፣ ክፍተቱንም አሉባልታ ይሞላዋል።

«ቪዲዮ አይዋሽም»

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የተቀነባበረ ቪዲዮ ሳይሆን የድሮ ቪዲዮ ከአዲስ ጽሑፍ ጋር ነው። ቪዲዮውን ሦስት አራት ቦታ ላይ አቁማችሁ ስክሪንሾት ውሰዱ፤ በጎግልም፣ የሩሲያው መፈለጊያ በሆነው በያንዴክስም በምስል ፈልጉ። ምንም ካልመጣ ምስሉን ግራና ቀኙን ገልብጣችሁ ድገሙት፤ ፍለጋ እንዳይደርስበት ገልብጦ የሚለጥፍ አለና። ያኔም አለመገኘቱ አዲስ መሆኑን አያረጋግጥም። ቀጥሎ ቦታው፦ የሱቅ ጽሑፍ፣ የመኪና ታርጋ፣ የሕንፃ ቅርጽ ከሳተላይት ካርታ ጋር ይመሳከራል። ጥላውም ይታያል፤ «ዛሬ ረፋድ» የተባለ ቪዲዮ የማምሻ ረጅም ጥላ ካለው አንድ ነገር ልክ አይደለም።

ከቀረጸው ሰው ዋናውን ፋይል ስትጠይቁ በዶክመንት መልክ ይላክላችሁ። በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ምስሉ ይጨመቃል፤ ሰዓቱንና ቦታውን የያዘው መረጃም ይጠፋል።

«መቶ ገጽ ከለጠፈው እውነት ነው»

መቶውም ከአንድ ምንጭ ገልብጠው ሊሆን ይችላል። ያው የፊደል ስህተት በሁሉም ላይ ካለ ምስክሩ አንድ ነው። የአካውንት አድራሻም ማስረጃ አይሆንም፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢራን ሰልፍ ወቅት ውጭ አገር ያሉ ደጋፊዎች የመንግሥትን ክትትል ለማደናገር ትዊተር ላይ አድራሻቸውን ቴህራን አድርገው ነበር።

«እውነት ከሆነ ሼር ማድረግ ችግር የለውም»

እውነተኛው ቪዲዮ ነው ሰው የሚያሳስረው። ፊትን በስሱ ማደብዘዝ አይበቃም፤ በድፍን ቀለም ሸፍኑ፣ ድምፅንም አጥፉ። ቀራጩ ከአካባቢው ሳይርቅ ቪዲዮውን አትልቀቁ፤ ከየትኛው መስኮት እንደተቀረጸ ከምስሉ ማዕዘን ይታወቃል።