ስለ ብዮርን ሎምቦርግ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዴንማርካዊው ብዮርን ሎምቦርግ ከ1998 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጋዜጣ አምዶቹና በመጻሕፍቱ ከአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች ጋር ሲሟገት የኖረ ጸሐፊ ነው። አጫጭር ጽሑፎቹ በብዙ አገሮች ጋዜጦች ላይ ስለሚወጡ ተቆራርጠውና ተተርጉመው ደብረ ብርሃንም ይደርሳሉ። በሰሜን ሸዋ ስለ እርከን፣ ስለ ባሕር ዛፍ ወይም ስለ በልግ ዝናብ መቅረት ክርክር ሲነሳ «አንድ የፈረንጅ ሊቅ እንዲህ ብሏል» እየተባለ ይጠቀሳል። የሚደግፉትም ሆኑ የሚቃወሙት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከሩት እሱ ባላለው ነገር ላይ ነው።

«የአየር ንብረት ለውጥ የለም ብሎ የሚክድ ሰው ነው»

አይክድም። በ2001 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በእንግሊዝኛ ታትሞ ስሙን በዓለም ባስጠራው «ተጠራጣሪው የአካባቢ ተቆርቋሪ» በተሰኘው መጽሐፉም ሆነ ከዚያ በኋላ በጻፋቸው፣ ምድር እየሞቀች መሆኑንና የሰው ልጅ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዚህ ምክንያት መሆኑን ተቀብሎ ነው የሚነሳው። ሙግቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፦ ሙቀቱ የሚያደርሰው ጉዳት በገንዘብ ሲተመን ስንት ይሆናል? ልቀትን በፍጥነት ለመቀነስስ ስንት ይወጣል? ያው ገንዘብ ወባን ለመከላከል ወይም ለሕፃናት ምግብ ቢውል ስንት ነፍስ ያድናል? የበለጸጉ አገሮች ልቀታቸውን እንዲቀንሱ የሚያስገድደውን የኪዮቶን ስምምነት የተቃወመውም ከሚጠይቀው ወጪ አንጻር የሚያስቀረው ሙቀት እጅግ ጥቂት ነው በሚል ስሌት ነበር። ስለዚህ «የበልግ መዛባት ተረት ነው» ለማለት እሱን የሚጠቅስ ሰው ያልመሰከረውን ያስመሰክረዋል። «ከሃዲ ነው» ብሎ የሚያልፈውም ዋናውን ሙግት፣ የስሌቱን ሙግት፣ ሳይነካው ይቀራል።

«የአየር ንብረት ሳይንቲስት ነው»

የዶክትሬት ዲግሪውን በ1994 ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ያገኘው በፖለቲካ ሳይንስ ሲሆን፣ በኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ስታቲስቲክስ ነው። ወደዚህ መስክ የገባውም እንደ ተመራማሪ ሳይሆን እንደ አንባቢ ነበር። በ1997 ሎስ አንጀለስ በሚገኝ አንድ መጻሕፍት መደብር ውስጥ፣ የምድር ሁኔታ እየተሻሻለ እንጂ እየከፋ አልሄደም ይል ከነበረው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ከጁሊያን ሳይመን ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ አነበበ። ሐሰት መሆኑን ከተማሪዎቹ ጋር ሊያረጋግጥ ተነሳና፣ እንደሚናገረው፣ ብዙው አኃዝ ትክክል ሆኖ አገኘው። በ1998 በዴንማርኩ «ፖሊቲከን» ጋዜጣ ያወጣቸው አራት ጽሑፎችና ያስነሱት ውዝግብ የአምድ ጸሐፊነቱ መነሻ ሆኑ። ግሪንፒስ ከተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት መሥራቾች አንዱ ነበር የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ እሱ ራሱን የሚቆጥረው ከድርጅቱ የቀድሞ ደጋፊዎች እንጂ ከመሥራቾቹ አይደለም።

«የአገሩ የሳይንስ ሸንጎ አጭበርባሪ ብሎ ፈርዶበታል»፣ ወይም «ሸንጎው ነፃ አውጥቶታል»

ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት የታሪኩን እኩሌታ ብቻ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ከወጣ በኋላ «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» የተባለው መጽሔት በጥር 2002 አራት ምሁራን የጻፉትን ጠንካራ ትችት አወጣ፤ ለዴንማርክ የሳይንስ ሐቀኝነት ኮሚቴም አቤቱታዎች ቀረቡ። ኮሚቴው በጥር 2003 የሰጠው ውሳኔ ለሁለት የተከፈለ ነበር፦ መጽሐፉ ማስረጃን እየመረጠ በማቅረቡ በይዘቱ ሳይንሳዊ ሐቀኝነት የጎደለው ነው፤ ጸሐፊው ግን በመስኩ ባለሙያ ስላልሆነ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት አጥፍቷል ሊባል አይችልም። በአንድ እጅ መምታት በሌላው መደገፍ የሚመስል፣ እኔን ዛሬም የሚገርመኝ ውሳኔ ነው፤ «ባለሙያ ስላልሆንክ አልፈርድብህም» ማለት ለአንድ ጸሐፊ ከቅጣት የሚተናነስ አይደለም።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የዴንማርክ የሳይንስ ሚኒስቴር ጉዳዩን መርምሮ፣ ኮሚቴው ስህተት ያላቸውን ነጥቦች በበቂ ሁኔታ አላስረዳም በማለትና ሌሎችም የአሠራር ጉድለቶችን በመጥቀስ ውሳኔውን መለሰው። ኮሚቴው በመጋቢት 2004 ጉዳዩን እንደገና ላለማየት ወሰነ። በእኛ የፍርድ ቤት ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ በይግባኝ ተሽሮ የተመለሰና የሥር ፍርድ ቤቱ ዳግም ሳያየው መዝገቡን የዘጋው ክርክር ማለት ነው። የጸና ፍርድ የለበትም፤ በመጽሐፉ ይዘት ላይ የተሰጠ ነፃ የመውጣት ውሳኔም የለውም፤ ሚኒስቴሩ የመረመረው የኮሚቴውን አሠራር እንጂ የመጽሐፉን እውነትነት አልነበረምና። ሎምቦርግ በ2002 በወቅቱ መንግሥት የአንድ አዲስ የአካባቢ ምዘና ተቋም ኃላፊ ሆኖ ተሹሞ እስከ 2004 መቆየቱም መዘንጋት የለበትም፤ ውሳኔውን የመለሰው ሚኒስቴር የዚያው መንግሥት ሚኒስቴር ነው።

«በ2010 ተጸጽቶ አቋሙን ለወጠ»

በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ይመደብ በማለቱ ወሬው ተናፈሰ። ይሁን እንጂ በ2007 አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው 0.05 በመቶውን፣ ማለትም ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ፣ ካርቦን ለማይለቅ የኃይል ምንጭ ምርምር እንዲያውሉ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የገንዘቡ መጠን አድጓል፤ «ከልቀት ቅነሳ ይልቅ ምርምር ይቅደም» የሚለው አቋሙ ግን አልተነቃነቀም።

«የነዳጅ ኩባንያዎች ቅጥረኛ ነው»

የሚመራው፣ ለዓለም ችግሮች የሚቀርቡ መፍትሔዎችን ወጪና ጥቅም የሚያወዳድረው የኮፐንሃገን ኮንሰንሰስ ማዕከል እስከ 2012 ድረስ ይደገፍ የነበረው በዴንማርክ መንግሥት፣ ማለትም በግብር ከፋዩ ገንዘብ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ድጋፉ ተቋረጠ፤ ማዕከሉም ወደ ግል ለጋሾች ፊቱን አዞረ። በ2015 የአውስትራሊያ መንግሥት 4 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መድቦለት በምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ሊከፈት ሲል መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙና ዩኒቨርሲቲው ተወው። ለጋሾቹ እነማን እንደሆኑ መጠየቅ የአንባቢ መብት ነው፤ ማንም የአምድ ጸሐፊ ሊጠየቀው የሚገባ ነው። «ቅጥረኛ» የሚለው ክስ ግን የራሱን ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃው ቢገኝም ስሌቱን የሚያፈርሰው ሌላ ስሌት እንጂ የለጋሹ ስም አይደለም።

«የድሃ አገሮች ጠበቃ ስለሆነ የእሱ ዝርዝር ለእኛ ይበጃል»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ በሰሜን ሸዋ ብዙ ደጋፊ የሚያገኝበት ነጥብ ይህ ነውና። በ2004 ሎምቦርግ የኖቤል ተሸላሚዎች ያሉባቸውን 8 ኢኮኖሚስቶች ኮፐንሃገን ላይ ሰብስቦ አንድ ጥያቄ አቀረበላቸው፦ ለዓለም በጎ ለማድረግ 50 ቢሊዮን ዶላር ቢኖራችሁ በየትኛው ትጀምራላችሁ? ኤችአይቪ ኤድስን መከላከል አንደኛ፣ እንደ ብረትና አዮዲን ያሉ ንጥረ ነገሮችን ማዳረስ ሁለተኛ፣ ንግድን ነፃ ማድረግ ሦስተኛ፣ ወባ አራተኛ ሆኑ። የአየር ንብረት ዕቅዶቹ ከዝርዝሩ ግርጌ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ በአምዶቹ ደጋግሞ ካነሳቸው ጉዳዮች አንዱ በድሃ ቤቶች ውስጥ የሚታፈነው የማገዶ ጭስ ነው።

በዚህ ትክክል ነው፤ ከብዙ የስብሰባ ተናጋሪዎችም ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። ከደብረ ብርሃን ወጣ ሲሉ የሚታየው ኩበት ይህን አኃዝ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እናት በጠዋት ከበረት የጠረገችውን እበት ከገለባ ጋር ለውሳ፣ በእጇ ጠፍጥፋ በፀሐይ ታሰጣለች፤ ሲደርቅ ክረምት ሳይገባ ከቤቱ ጎን ትከምረዋለች። እንጀራ በምትጋግርበት ቀን፣ ብርዱ ስለማያስወጣ በሩ ገርበብ እንዳለ፣ ሕፃን አዝላ ከምጣዱ ሥር የምትቆሰቁሰው ያንኑ ነው። ጭሱን እሷም ልጇም ይተነፍሱታል።

ዝርዝሩ የሚሳነውም እዚሁ ኩበት ላይ ነው። ሎምቦርግ ጤናንና አካባቢን በአንድ ከረጢት ለሚገኝ ገንዘብ የሚሻሙ አድርጎ ያቀርባቸዋል። የተቃጠለው እበት ግን ከገብስ ማሳው የቀረ ፍግ ነው። በተሻለ ምድጃ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በሌላ ማገዶ የእናትየዋን ሳንባ የሚያድን መፍትሔ አፈሩንም ያዳብራል፤ «የጤና» ተብሎ ሲመዘገብ ግን የአፈሩ ጥቅም ከሂሳቡ ሊቀር ይችላል። ለካርቦን ቅነሳ ያልወጣ ገንዘብ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ተነስቶ ለወባ አይውልም፤ የሚመድበው መንግሥት ነው፤ መንግሥታትም ሁለቱንም ሊነፍጉ ይችላሉ።

ሌላው ጉዳይ የጊዜ ዋጋ ነው። ኢኮኖሚስቶች የነገን ጉዳት በዛሬ ዋጋ ሲተምኑ በየዓመቱ የተወሰነ በመቶ ይቀንሱለታል። ከ100 ዓመት በኋላ የሚደርስ የ1,000 ብር ጉዳት በ5 በመቶ ቅናሽ ሲሰላ ዛሬ የሚያወጣው 8 ብር እንኳ አይሞላም፤ እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ኒኮላስ ስተርን በ2006 ባቀረበው ጥናት በተጠቀመበት፣ በ1.4 በመቶ ገደማ ሲሰላ ግን ወደ 250 ብር ይጠጋል። ሎምቦርግ የስተርንን ምጣኔ እጅግ ዝቅተኛ ነው ብሎ ይተቻል። የትኛው ምጣኔ እንደሚገባ ግን ስታቲስቲክስ ብቻውን አይመልስም፤ ላልተወለደ ሰው ምን ያህል እንጨነቃለን የሚል የሞራል ጥያቄ አለበትና። መንዞች የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባለው አገር በቀል ሥርዓት እየዘጉ፣ አንዳንዴ ለተከታታይ ዓመታት ማጭድ ሳያስነኩ፣ ለብዙ ትውልድ ሲጠብቁት የነገውን ሣር በምን ያህል እንደተመኑት መገመት ይቻላል፤ የመረጡት ዝቅተኛውን ቅናሽ ይመስለኛል።

«ተቃራኒ ጸሐፊ ስለሆነ የሚያነሳው አኃዝ ሁሉ ሐሰት ነው»

ይህ ደግሞ የተሟጋቾቹ ስህተት ነው። የሎምቦርግ ጥንካሬ ሁሉም የሚደግመውን አኃዝ እስከ ምንጩ ተከትሎ መሄዱ ነው። በየዓመቱ 40,000 የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያዎች ይጠፋሉ የሚለውን አባባል ተከትሎ የአካባቢ ተመራማሪው ኖርማን ማየርስ በ1979 ወዳሳተመው መጽሐፍ ሲደርስ፣ ያገኘው ልኬት ሳይሆን ግምት ነበር። በርካታ ሥነ ሕይወት ተመራማሪዎች የዝርያዎች መጥፋት ከተፈጥሮው ፍጥነት እጅግ የበለጠ መሆኑን በሌላ ማስረጃ ያስረዳሉ፤ ያ አኃዝ ግን ማስረጃ አልነበረም።

ለእኛም ተመሳሳይ አኃዝ አለን። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው በትምህርት ቤት፣ በስብሰባና በችግኝ ተከላ ቀን ይደጋገማል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን፣ በ1995 ባሳተመው የኢትዮጵያ ግብርና ታሪክ አንኮበርን ከጥናት ቦታዎቹ አንዱ ያደረገው፣ በ1997 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ትረካ የረባ ታሪካዊ ማስረጃ እንደሌለው ተከራክሯል። የሰሜን ሸዋ ደጋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመንም ለረጅም ጊዜ በበሬ የታረሰ አገር ነበር። ይህን የሚናገር ሰው እዚያው ሰሜን ሸዋ ያለው የወፍ ዋሻ ደን ይቆረጥ ማለቱ አይደለም፤ ደኑ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ለመለካት «40 በመቶ» አያስፈልግም፣ የሚያስፈልገው የወፍ ዋሻ የራሱ የቀድሞና የአሁን መረጃ ነው።