ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የጠፈር መንኮራኩሮችን በቴሌስኮፕ ፎቶ ማንሳት

ምድርን የሚዞሩ የጠፈር መንኮራኩሮችን በአማተር ቴሌስኮፕ ፎቶ ማንሳት ማለት፣ ለዓይን ተንቀሳቃሽ ኮከብ መስሎ የሚያልፈውን አካል የፀሐይ ኃይል ክንፎቹና ክፍሎቹ እስኪለዩ ድረስ በካሜራ መያዝ ነው። ዋናው ዒላማ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው። ርዝመቱ 109 ሜትር ሲሆን ከምድር 400 እስከ 420 ኪ.ሜ. ከፍታ ላይ በሴኮንድ 7.66 ኪ.ሜ. ይጓዛል። አናት ላይ ሲደርስ ስፋቱ 53 አርክ ሴኮንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ገደማ ይሆናል፤ ይህም ጁፒተር ለምድር በጣም ስትቀርብ ከምትታየው ትንሽ ይበልጣል።

የቦታው አቀማመጥ

ባሕር ዳር በሰሜን ኬክሮስ 11.6 ዲግሪ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ከከባቢ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህሉን ከእግሩ በታች ትቶታል። ለምድር ወገብ መቅረቧ ደግሞ የታደለች አድርጓታል። የጠፈር ጣቢያው ምሕዋር ከምድር ወገብ አንጻር 51.6 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ የቻይናው ቲያንጎንግ 41.5፣ ሀብል ቴሌስኮፕ 28.5 ዲግሪ። ስለዚህ ሦስቱም በከተማዋ አናት ላይ ማለፍ ይችላሉ። ሀብል ከበርሊን ሰማይ ላይ ጭራሽ አይወጣም፤ ከጣና ዳር ግን አንገት ቀና ተደርጎ ይታያል።

ጉዳቱ የጊዜው ማጠር ነው። መንኮራኩር የሚታየው መሬቱ ጨልሞ እሱ ግን ገና ፀሐይ ሲያገኘው ብቻ ነው። በአካባቢው ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ፣ አናት ላይ ያለ የጠፈር ጣቢያ ከፀሐይ መጥለቅ 80 ደቂቃ ገደማ በኋላ ወደ ምድር ጥላ ይገባል። በሰሜን አውሮፓ በበጋ ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሞ ያልፋል፤ እዚህ ግን ከምሽት 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ገደማ፣ ወይም ደግሞ ከንጋት በፊት ብቻ ነው። ምቹ ምሽቶች ለጥቂት ቀናት ተከታትለው ይመጡና ለሳምንታት ይጠፋሉ። የምሽቱ ጣቢያ ከምዕራብ በኩል ወጥቶ ብዙ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሳያሽቆለቁል ጥላ ውስጥ ይሰወራል፤ የንጋቱ ከጥላ ድንገት ስለሚወጣ ለማነጣጠር ይከብዳል። ለጀማሪ ምሽቱ ይሻላል።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በመጋቢት አቧራና ጭጋግ ይጀምራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ከቤዛዊት ኮረብታ አካባቢ አድማሱ በሁሉም አቅጣጫ ክፍት ነው። በጨለማ ዘጌን የሚያህል በቅርብ የለም፤ ነገር ግን የቡና ደኑ ሰማዩን ስለሚሸፍን ከሐይቁ ጠርዝ መቆም ግድ ነው። የሐይቁ ዳር አየር ከከተማው ይልቅ የረጋ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ምሽት ላይ ውኃው ከየብሱ ስለሚሞቅ በተቃራኒው ምስሉን ያርገበግበዋል የሚሉም አሉ። ሁለቱም እንደ ነፋሱ አቅጣጫ እውነት ሊሆን ይችላል። የማያከራክረው ጤዛው ነው፤ ዳር ላይ መስታወትና ሌንስ ቶሎ ላብ ይይዛቸዋል፣ ትንኙም ክፍት ቱቦ ውስጥ ይገባል። ከቱቦው አፍ 30 ሴንቲ ሜትር ወጣ የሚል ጥቁር የካርቶን ጥቅልል ጤዛውን ያዘገየዋል፤ ትንኙን የሚከለክለው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ሳይነሳ የሚቆይ ክዳን ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ በሌሊት ለግጦሽ ስለሚወጣ ብቻን አይቆምም። ሰፊ ቱቦ በትራይፖድ ላይ ተክሎ በምሽት መቆም ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም፤ አስቀድሞ ለቀበሌው ማሳወቅ ይገባል። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አረንጓዴ ሌዘር ወደ ሰማይ ማብራት የተወገዘ ነው።

ታሪክ

ሳተላይትን ከምድር ፎቶ ማንሳት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ መገባደጃ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ስሚዝሶንያን አስትሮፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ ቤከር-ነን የተባለውን ትልቅ የሳተላይት መከታተያ ካሜራ ደብረ ዘይት ላይ አቁሞ ነበር። በአማተሮች በኩል ፈረንሳዊው ቲዬሪ ለጎ በግንቦት 2009 (እ.ኤ.አ.) አትላንቲስ መንኮራኩርንና ሀብልን በፀሐይ ፊት ሲያልፉ በአንድ ላይ ማንሳቱ ዘርፉን ለዓለም አስተዋውቋል።

መሣሪያ

200 ሚ.ሜ. መስታወት ያለው፣ የትኩረት ርዝመቱ 1,200 ሚ.ሜ. የሆነ ዶብሶንያን (በእጅ እየተገፋ የሚዞር) ቴሌስኮፕ ከበቂ በላይ ነው። የትኩረት ርዝመቱን እጥፍ የሚያደርግ ባርሎ ሌንስ ሲጨመርበት 2,400 ሚ.ሜ. ይሆናል። 2.9 ማይክሮን ፒክስል ባለው ጥቁርና ነጭ የፕላኔት ካሜራ አንዱ ፒክስል 0.25 አርክ ሴኮንድ ይሸፍናል፤ አናት ላይ ያለው ጣቢያ ከ200 ፒክስል በላይ ይሞላል። ጉዳቱ እይታው መጥበቡ ነው፤ 5.6 ሚ.ሜ. ስፋት ባለው ሰንሰር (ብርሃኑን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል) የሚታየው ሰማይ ስፋቱ 8 የዲግሪ ደቂቃ ብቻ ነው (60 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ነው)። ጣቢያው ደግሞ በሴኮንድ አንድ ዲግሪ ገደማ ይሮጣል፤ ቴሌስኮፑ ካልተከተለው በአንድ ሰባተኛ ሴኮንድ ውስጥ ከፍሬም ይወጣል። ለዚህ ነው ባርሎው እጅ እስኪለምድ ድረስ የሚተወው።

አሠራር

የመተላለፊያው ሰዓት ከሄቨንስ አቦቭ ድረ ገጽ ወይም ከስቴላሪየም ፕሮግራም ይወሰዳል። የምሕዋር መረጃው በዕለቱ የታደሰ መሆን አለበት፤ ጣቢያው በሞተር ከፍታውን ሲያስተካክል የቆየ መረጃ በብዙ ሴኮንዶች ይስታል። ፕሮግራሙ 19:12 ካለ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 1:12 ነው፤ በዚህ ብቻ ተሳስቶ ባዶ ሰማይ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።

ከፍታው ከ60 እስከ 75 ዲግሪ የሚደርስ መተላለፊያ ይመረጣል። በትክክል አናት ላይ የሚያልፈው ቅርብ ቢሆንም ዶብሶንያኑ እዚያ ላይ በጎን መዞር ያለበት ፍጥነት ከእጅ በላይ ይሆናል፤ በ75 ዲግሪ ከጣቢያው ፍጥነት አራት እጥፍ ገደማ፣ በ85 ዲግሪ ከአሥር እጥፍ በላይ።

ቴሌስኮፑ ከአንድ ሰዓት በፊት ደጅ ይውጣ፤ መስታወቱ ካልቀዘቀዘ ፎከስ ይንሸራተታል። ከዚያ ኮሊሜሽን (የመስታወቶቹ በአንድ መስመር መገጣጠም) ይታያል፤ ፎከሱ በጁፒተር ወይም በደማቅ ኮከብ፣ ባህቲኖቭ ጭምብል (ፎከሱ መያዙን የሚያሳይ ስንጥቆች ያሉት ክዳን) ተደርጎ ይያዝና በብሎን ይጠበቃል። ቀጥሎ ያለው የሁሉም ሥር ነው፦ የፋይንደሩ (የማነጣጠሪያው ትንሽ ቴሌስኮፕ) መስቀል ከሰንሰሩ መሃል ጋር መገጣጠም አለበት። በባርሎ የ4 የዲግሪ ደቂቃ ስህተት ብቻ ጣቢያውን ከፍሬም ያስወጣዋል፤ ዓይን መስቀሉ ላይ እያየው ካሜራው አንድም ጊዜ አይይዘውም። ስለዚህ ኮከቡ በላፕቶፑ መሃል ከተደረገ በኋላ የፋይንደሩ ብሎኖች ይስተካከላሉ፣ ቴሌስኮፑ ወደ ሌላ የሰማይ ጥግ ተወስዶ በሌላ ኮከብ ይፈተሻል። ያኔ ከሳተ ፋይንደሩ ላልቷል ማለት ነው።

የመጋለጫ ጊዜው ከ1/1000 እስከ 1/2000 ሴኮንድ ነው። በ1/1000 ካሜራው ዝም ብሎ ቢቆም ምስሉ 3.6 አርክ ሴኮንድ ይሳባል፤ የእጅ ክትትሉ ባይሰምርም አብዛኛውን ይቀንሰዋል። ነጮቹ የሙቀት ማስወገጃ ፓነሎች ከክንፎቹ ቀድመው በምስሉ ላይ ስለሚቃጠሉና (በብርሃን ብዛት ነጭ ብቻ ስለሚሆኑና) አንዴ የተቃጠለ ዝርዝር ስለማይመለስ፣ ጌይኑ (የካሜራው የብርሃን ማጉያ መጠን) ዝቅ ብሎ ይጀመር። በሴኮንድ 130 ፍሬም ሲቀዳ ሦስት ደቂቃ ወደ 50 ጊጋባይት ይደርሳል፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ስለማይችለው ፍሬም ይዘላል፣ ኤስ ኤስ ዲ ያስፈልጋል።

በፀሐይ ፊት

ጣቢያው በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ትዕይንቱ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፤ ክትትል ግን አያስፈልገውም። ፀሐይ በባሕር ዳር አናት ላይ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ትቆማለች፤ ያኔ ቀትር ላይ የሚያልፍ ጣቢያ በቅርብ ርቀቱ ስለሆነ በትልቁ ይታያል። ነሐሴን ደመና ይወስደዋል፣ ሚያዝያ ግን ሊባክን አይገባም። ትዕይንቱ የሚታይበት መስመር ምድር ላይ 4 ኪ.ሜ. ያህል ስፋት ብቻ ስላለው ከከተማው መሃል የሚታየው ከዘጌ ላይታይ ይችላል። የፀሐይን ብርሃን የሚቀንሰው ፊልም ከቱቦው ፊት ተጠብቆ ይታሰር፣ ፋይንደሩ ይከደን፤ ያለዚያ ዓይንም ሰንሰርም ይጠፋል።

ምስሉን ማቀነባበር

ፒፕ የተባለው ፕሮግራም ጣቢያው ያለባቸውን ፍሬሞች ለይቶ ወደ መሃል ያመጣል፤ ከሃያ ሺሕ በላይ ፍሬም ውስጥ ጥቂት መቶ ከተገኘ ጥሩ ምሽት ነው። በአውቶስታከርት ፕሮግራም የሚደራረቡት ተከታታይ የሆኑ ከ5 እስከ 15 ፍሬሞች ናቸው፤ ጣቢያው የሚታይበት ማዕዘን በፍጥነት ስለሚለወጥ ከአንድ ሴኮንድ የራቁ ፍሬሞች ሲደራረቡ ክንፎቹ ይደበዝዛሉ። ሹል ማድረጉ ሲበዛ በጥሬው ላይ የሌሉ መስመሮች ይፈጠራሉ። አንድ ዝርዝር እውነት የሚባለው በሁለት የተለያዩ የፍሬም ስብስቦች ላይ ሲደገም ነው። በታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) የተመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲ አር ኤስ ኤስ-1 ክብደቷ 70 ኪ.ግ. ገደማ፣ ከፍታዋም ከ600 ኪ.ሜ. በላይ ስለነበረ በ200 ሚ.ሜ. መስታወት ቅርጿ ሊለይ አይችልም፤ ከነጥብ ያለፈ ቅርጽ የሚያሳይ ፎቶ ቢቀርብ ያ ቅርጽ የማቀነባበሪያው ነው።