«ካስቀመጠኝማ ሠርቷል»፦ እሬት ለጨጓራ ለምትጠጡ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤቱን ገና ከፍቼ ጋውኔን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ አንድ ጎልማሳ ሃይላንድ ይዞ ገባ። ውስጡ ያለው ውኃ አልነበረም፤ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ አናቱ ላይ አረፋ የሠራ፣ ሲያዘነብሉት የሚዝለገለግ ነገር ነው። «ዶክተር፣ ይሄን ከኦሜፕራዞሉ በፊት ልጠጣው ወይስ በኋላ?» አለኝ። (ፋርማሲስት እንጂ ዶክተር አይደለሁም ማለቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ።) ምንነቱን መጠየቅም ማሽተትም አላስፈለገኝም። እሬት ነው። ከጎረቤት አጥር ሥር ተቆርጦ፣ ከነልጣጩ በጁስ መፍጫ ተፈጭቶ፣ ማር ጠብ የተደረገበት። ለጨጓራ።

ባንኮ ጀርባ ከቆምኩ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ድሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ በወር አንዴ ቢመጣ ነው፤ ቲክቶክ ከመጣ ወዲህ ግን የማልጠየቅበት ቀን የለም። በቃል እየደጋገምኩ ጉሮሮዬ ስለደረቀ ዛሬ ልጻፈው ብያለሁ። ነገ የሚጠይቀኝ ካለ ስልኬን አውጥቼ አስነብበዋለሁ።

«እሬት ያው እሬት ነው»

አይደለም። በአገራችን ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዝርያዎች አሉ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅሉም ሞልተዋል። በደብረ ብርሃን በኩል ቀይ አበባ አውጥቶ የሚታየው አሎ ደብራና ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ከደብረ ብርሃን ነው። ቪዲዮ ላይ የምታዩት አሎቬራ ደግሞ የዓረብ ምድር ተወላጅ ነው፤ አበባውም ቢጫ ነው። ተመራማሪዎች ብዙ የደከሙበት እሱ ነው እንጂ የእኛ የአጥር ሥር እሬት አይደለም። የአንዱን ዝና ሰምቶ ሌላውን መፍጨት ታላቅየዋን አጭቶ ታናሽየዋን እንደ ማግባት ነው።

«ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ መድኃኒት ነው»

አንድ ቅጠል ቁረጡና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከልጣጩ ሥር ቢጫ ፈሳሽ እየተንጠባጠበ ብርጭቆው ታች ይጠራቀማል፤ ሲቆይም እየጠቆረ ይሄዳል። ጣታችሁን ነክራችሁ ምላሳችሁን ብታስነኩት «እንደ እሬት መረረኝ» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባችኋል። እናቶቻችን ጡት ሲያስጥሉን ጡታቸው ላይ የሚቀቡት ይሄንኑ ነው። ሕፃን ልጅ አንዴ ቀምሶ እያለቀሰ የሸሸውን ነገር አዋቂው በሃይላንድ ሞልቶ ይጨልጠዋል።

ልጣጩ ተገፍፎ መሃል ላይ የሚገኘው ጥርት ያለ ዝልግልግ ሌላ ነገር ነው። ከመቶ 98 እጁ ውኃ ነው፤ እንደ ቢጫውም አይመርም። ለቀላል ቃጠሎ የሚቀባው፣ ፋብሪካዎችም በጠርሙስ የሚያሽጉት እሱ ነው። ቢጫው ውስጥ ያለው መራራ ንጥረ ነገር አሎይን ይባላል። ጥሩ አምራቾች ይሄን በከሰል አጣርተው ያስወግዱታል፤ የሚጠጣ ምርት ውስጥ ከሚሊዮን 10 እጅ እንዳይበልጥ የኢንዱስትሪው ማኅበር ራሱ መለኪያ አውጥቷል። የቤታችሁ ጁስ መፍጫ ግን ከሰል የለውም። ልጣጩን፣ ቢጫውንና ዝልግልጉን አንድ ላይ ደባልቆ ይሰጣችኋል።

«ካስቀመጠኝማ ሠርቷል»

እኔን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ሰውየው ማታ እሬቱን ይጠጣል፤ ሊነጋጋ ሲል ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል። ከዚያ ፊቱ በርቶ ይመጣና «ዶክተር፣ ጠራርጎ አወጣልኝ!» ይላል። ምን አወጣልህ ብዬ ስጠይቀው «በሽታውን ነዋ» ይለኛል።

አመለካከቱ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ከኮሶ ነው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይበሉ ነበር፤ እኛም አልተውንም። የኮሶ ትል ሲያስቸግራቸው ኮሶ ይጠጡ ነበር። ኮሶ ይመራል፣ ያስቀምጣል፣ ትሉም ከሰገራው ጋር ሲወጣ በዓይን ይታያል። መራራ ጠጣሁ፣ አስቀመጠኝ፣ በሽታው ወጣ፦ ለኮሶ ትል ይሄ ስሌት ልክ ነው፤ የሚወጣ ትል አለና። ጨጓራ ውስጥ ግን የሚወጣ ምን አለ? የቆሰለ ግድግዳ ተጠርጎ አይወጣም። እሬት ጠጥታችሁ የሚወጣው ውኃ ነው፤ ከውኃው ጋር ደግሞ ፖታሲየም የሚባለው ጨው።

አሠራሩን ላስረዳ። አሎይን በጨጓራ በኩል ያልፋል እንጂ እዚያ የሚሠራው ነገር የለም። ትንሹንም አንጀት እንዲሁ አልፎ ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሰባብረው ወደሚያስቀምጥ ንጥረ ነገር ይለውጡታል። ያ ደግሞ አንጀቱን እየቆነጠጠ ያኮማትረዋል፣ ውኃም መልሶ እንዳይመጥ ያደርገዋል። ማታ የተጠጣው ሊነጋ ሲል የሚያስነሳው ለዚህ ነው፤ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። በአጭሩ ጨጓራው አዲስ አበባ ታሞ መድኃኒቱ አዳማ ሄዶ ነው የሚወርደው።

«ታዲያ ለምን ቀለል አለኝ?» ትሉኛላችሁ። እሬት የጀመረ ሰው እኮ እሬት ብቻ አይጀምርም። በርበሬ ይተዋል፣ ቡና ይቀንሳል፣ ከሥራ መልስ የሚቀመስ ነገር ካለም ለጊዜው ያርቃል። ዝልግልጉም እንደ ተልባ ለተወሰነ ሰዓት ለስለስ ያደርጋል። የጨጓራ ሕመም ራሱ የሚሄድ የሚመጣ ነው፤ ሊሄድ ሲል የተጠጣ ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል።

ባለፈው ዓመት የሰፈራችን አንዲት እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ፣ ልቤም ድው ድው ይልብኛል ይላሉ። ለደም ግፊታቸው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ማለትም የሚያሸናውን ክኒን፣ ለዓመታት ከእኔው ነው የሚወስዱት። ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ ወይ ስላቸው «ምንም» አሉ። ልጃቸው ዞር ስትል ግን ጠጋ ብለው «እሬት ብቻ፣ ለሆዴ» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየማለዳው፣ በቡና ስኒ። ክኒኑ ፖታሲየማቸውን በሽንት ያወጣል፣ እሬቱ ደግሞ በሰገራ። ሐኪም ቤት ተልከው ደማቸው ሲታይ ፖታሲየማቸው 2.6 ሆኖ ተገኘ፤ መሆን የነበረበት ከ3.5 በላይ ነው። ተኝተው በጉሉኮስ መስመር ተሰጣቸው። እሬቱን ለምን እንደደበቁኝ በኋላ ስጠይቃቸው «መድኃኒት መሰለህ እንዴ ልጄ? ቅጠል እኮ ነው» አሉኝ።

«ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም»

እንዶድም ተፈጥሮ ነው። ልብስ ያጥባል፤ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደግሞ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ደርሶበታል። የሚጠጣው ይኖራል?

የእሬት ቢጫ ፈሳሽ አሜሪካ ውስጥ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ሆኖ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጥ ነበር። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አምራቾቹን ለደኅንነቱ ማስረጃ አምጡ አላቸው፤ አላመጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ከገበያ አስወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ሳይጣራ ከሙሉ ቅጠሉ የሚወጣውን ጭማቂ ለሰው ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ምድብ 2ቢ ውስጥ አስገብቶታል። መነሻው ሁለት ዓመት ሙሉ በውኃቸው እየተቀላቀለ የጠጡ አይጦች ትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ ማብቀላቸው ነው። አይጥ ሰው አይደለም፣ ልክ ነው። ግን አይጦቹ የጠጡት ጠርሙስ ውስጥ ካለው ከተጣራው ይልቅ እናንተ ቤት ለሚፈጨው ይቀርባል።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ አትጠጡ። የምታጠቡም ብትሆኑ እንደዚያው። ለልብ ዲጎክሲን የሚወስድ፣ የኩላሊት ችግር ያለበት፣ ለስኳር ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚጠቀም ሰው ሳያማክር አይቅመስ፤ እሬት የደም ስኳርን ሊያወርድ ይችላል። በአፍ የሚወሰድ እሬት ጉበታቸውን ያሳበጠባቸው ሰዎችም በተለያዩ አገሮች ተመዝግበዋል፤ ሲያቆሙ ድነዋል።

«ባክቴሪያውን ይገድላል»

ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ሳህን ላይ፣ የእሬት ዝልግልግ ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ እንደሚያዳክም ታይቷል። ሳህን ላይ ባክቴሪያ የሚያዳክም ነገር ግን ብዙ ነው፤ በረኪናም ይገድለዋል። ጨጓራ ሳህን አይደለም።

ይሄ ባክቴሪያ ቁስለት እንደሚያመጣ አልታመን ሲል አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱ ጠጥቶት በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል አሸነፈበት። የሚያድነው ኦሜፕራዞልን የመሰለ አሲድ ቀናሽ ቢያንስ ከሁለት ፀረ ባክቴሪያ ጋር፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን፣ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው። በአምስተኛው ቀን «አፌን መረረኝ» ብሎ ያቋረጠ ሰው ነው በሁለተኛው ወር «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ እሬት የሚጀምረው። ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፦ የደም ምርመራው ከዳናችሁም በኋላ ለወራት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። መዳናችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ጠይቁ፤ እሱም መድኃኒቱ ባለቀ ቢያንስ በ4 ሳምንቱ፣ ኦሜፕራዞል ካቆማችሁ ደግሞ 2 ሳምንት ሲሞላ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«መራራ ሁሉ ለሆድ ጥሩ ነው።» ክሎሮኪንም ይመራል።

«መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ።» አለ። ኒቆዲሞስ የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ የመጣው ለመግነዝ ነበር እንጂ ለጨጓራ አልነበረም።

«ከዱባይ የመጣው የጠርሙሱ ጁስ መድኃኒት ነው።» ቁርጥራጭ የሚዋኝበት ጣፋጩ ለስላሳ ከሆነ በአብዛኛው ስኳርና ውኃ ነው። ለጥሙ ጠጡት።

«ለሆድ ድርቀት ይሠራል።» ይሄ እውነት ነው። ቢጫው ለአልፎ አልፎ ድርቀት አውሮፓ ውስጥ በተመጠነ ዝግጅት፣ ከ12 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው፣ ለአጭር ጊዜ ተፈቅዷል፤ ከሳምንት ከዘለለ ሐኪም ማየት አለበት። የእናንተ ሃይላንድ ግን ልኬት የለውም። ለድርቀት መጀመሪያ ውኃ ጠጡ፣ ተልባ ሞክሩ።

ጥሩ ጎኑን ደብቀህ ነው እንዳትሉኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ትልቁ አንጀታቸው የቆሰለ 44 ሕመምተኞች ላይ የተጣራውን ዝልግልግ ሞክሮ ነበር። ከወሰዱት 30 ሰዎች 9ኙ፣ የማስመሰያ ፈሳሽ ከተሰጣቸው 14ቱ ደግሞ 1ዱ በአራት ሳምንት ምልክቱ ጠፍቶላቸዋል። ተስፋ ይሰጣል፤ ግን ጥቂት ሰው ነው፣ የተጣራ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጨጓራ አይደለም።

ወደ ሰኞው ሰውዬ ልመለስ። ጥያቄውን ሳልመልስለት እኔ ጠየቅኩት፤ ሥራህ ምንድን ነው? የሲኖትራክ ሹፌር ነው። ወገብህን ያምሃል? «እሱማ ዲክሎፌናክ ባይኖር አልነዳም» አለኝ። ስንት ጊዜህ? «በቀን ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት፣ ዓመት ሊሞላኝ ነው።» ሰገራህስ? ትንሽ አፈረና «ሰሞኑን ጠቁሯል፤ እሬቱ ነው ብዬ ነው» አለ። እንደ ምን ጠቁሯል ስለው «እንደ ሬንጅ» አለኝ።

ዲክሎፌናክ የጨጓራን መከላከያ ሽፋን እየሸረሸረ ያቆስላል። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚጣበቅ፣ የሚሸት ሰገራ ደግሞ ከላይ፣ ከጨጓራ አካባቢ፣ የደማ ደም ነው፤ በእሬት አይመካኝም። ዲክሎፌናኩን አሁኑኑ ተው፣ መኪናውን ለረዳትህ ስጥና ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ ኢንዶስኮፒ ማለትም ጨጓራህን በካሜራ ማየት ያስፈልግሃል አልኩት። ሊከራከረኝ ዳድቶት ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው። ማታ ስደውልለት ተኝቷል፤ ቁስለቱ ታይቶ ደም እየተሰጠው ነው።

ሃይላንዱን ባንኮው ላይ ረስቶት ነው የሄደው። ከሰዓት በኋላ እማማ ክኒናቸውን ሊወስዱ መጥተው ገና ከበሩ አዩት። «ይሄ የማነው ልጄ?» አሉ። የሰው ነው፣ እማማ፣ እርስዎን አይመለከትዎትም አልኳቸው። አንስተው ወደ ብርሃን አዩት፣ ነቀነቁት። «ለፀጉርስ?» አሉኝ።

ለፀጉር ይሆናል አልኳቸው። የመድኃኒት ወረቀት ቀድጄ በትልቁ «አይጠጣም» ብዬ ጻፍኩና ለጥፌበት ሰጠኋቸው።