ከስቶር ስለሚወጣ ስቴት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ጀማሪ ፕሮግራመሮች፣ ስቶራችሁ (የአፑ ዳታ በጋራ የሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ የማያስፈልግ ስቴት (አፑ እየሠራ የሚይዘው ዳታ) እንዳለ እያወቃችሁ ለመንካት የምትፈሩት ከታች በጠቀስኳቸው አመለካከቶች የተነሳ ይመስለኛል። ለምሳሌ ያህል በባቲ የሰኞ ገበያ አንድ ፍየል ነጋዴ ሽያጩን የሚመዘግብበትን አፕ እንውሰድ፤ ስቶሩ በዙስታንድ (ስቶር መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) የተሠራ ነው።

«ድምሩን ስቶር ውስጥ ካላስቀመጥኩ አፑ ይንቀራፈፋል»

የፍየሎቹ ዝርዝር፣ ብዛታቸውና ጠቅላላ ዋጋቸው ሦስቱም ስቶር ውስጥ አሉ እንበል። ነጋዴው በስህተት ያስገባትን ፍየል ሲሰርዝ ዝርዝሩ ያጥራል። ብዛቱን የሚቀንሰው መስመር ከተረሳ ግን ስክሪኑ ላይ 11 ፍየል ተዘርዝሮ ከላይ «12» ይላል። ገንዘቡን የሚቆጥር ሰው እንዲህ ያለ አፕ ዳግመኛ አያምንም፤ ደግሞም ልክ ነው። ብዛትም ድምርም ከዝርዝሩ ይሰላሉ፤ ስቶር ውስጥ ቦታ የላቸውም። የመቶ ፍየል ዋጋ መደመር ለስልክ ምንም አይደለም። ስሌቱ የእውነት ከከበደ ውጤቱን የሚያስታውስ ሴሌክተር (ከስቶር የሚፈለገውን አስልቶ የሚሰጥ ፈንክሽን) አለ፤ ሪዳክስ የሚባለውን ሌላ የስቶር ላይብረሪ የምትጠቀሙ፣ ይህን የሚሠራውን ክሪኤትሴሌክተርን ታውቁታላችሁ።

«ሁሉም ስቴት አንድ ቦታ ቢሆን ይሻላል»

አንድ ሜኑ መከፈቱን ሌላ ገጽ ማወቅ አያስፈልገውም። እዚያው ሜኑውን የሚያሳየው ኮምፖነንት (የስክሪኑ ክፍል ኮድ) ውስጥ ይቀመጥ።

«የማያስፈልገውን ታይፕስክሪፕት ይነግረኛል»

አይነግርም። ታይፕስክሪፕት ጃቫስክሪፕት ላይ ታይፕ (የዳታ ዓይነት) የሚጨምር ቋንቋ ነው፤ ኖአንዩዝድሎካልስ የተባለው ማስተካከያው ሥራ ላይ ያልዋሉ ቫሪያብሎችንና ኢምፖርቶችን ይይዛል እንጂ፣ ኢንተርፌስ (የዳታውን ቅርጽ የሚገልጽ ታይፕ) ውስጥ ማንም የማያነበው ፊልድ ቢቀመጥ ዝም ይላል። የሚያግዛችሁ ፊልዱን ከሰረዛችሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ፊልዱን የሚጠራውን መስመር ሁሉ እየለቀመ ያወጣል፣ ኮዱን በኤኒ (ማንኛውንም ዓይነት ዳታ ያለ ቁጥጥር በሚያሳልፈው ታይፕ) ካልሞላችሁት።

«ከኢንተርፌሱ ከሰረዝኩት ጠፋ»

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይሄ ነው። ኮዱ ወደ ጃቫስክሪፕት ሲቀየር ታይፑ ይጠፋል፤ ዳታው ግን ነጋዴው ስልክ ላይ፣ ሎካል ስቶሬጅ (የብራውዘሩ ዳታ ማስቀመጫ) ውስጥ ቁጭ ብሏል። ፐርሲስት (ስቴቱን ስልኩ ላይ የሚያስቀምጠውን የዙስታንድ ክፍል) የምትጠቀሙ ከሆነ አፑ ሲከፈት የድሮው ስቴት ከአዲሱ ጋር ይዋሃዳል፤ የሰረዛችሁት ፊልድም አብሮ ይመለሳል።

አብሽሩ፣ መፍትሔው አጭር ነው። የፐርሲስትን የቨርዥን ቁጥር ከፍ አድርጉና ማይግሬት (የድሮውን ስቴት ወደ አዲሱ የሚቀይር ፈንክሽን) ውስጥ አሮጌውን ፊልድ አውጡት። ማይግሬት ሳትጽፉ ቨርዥኑን ብቻ መቀየር ግን አደገኛ ነው። የተቀመጠው ስቴት በሙሉ ሳይነበብ ይታለፋል፤ ነጋዴው አዲስ ሽያጭ ሲያስገባ ደግሞ በቀድሞው መዝገብ ላይ ይጻፍበታል። ስለዚህ አዲሱን ከመልቀቃችሁ በፊት የድሮው ዳታ ባለበት ስልክ ላይ ክፈቱትና ፍየሎቹ በሙሉ መኖራቸውን ቁጠሩ።