ጨለማ ውስጥ ያደገ ቡችላ ጀግና አይሆንም

ሐዋሳ ውስጥ በእንስሳት ሕክምና የሚሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ አይውልም። «ዶክተር፣ ቡችላውን ጨለማ ቤት ዘግቼበታለሁ፤ ኃይለኛ እንዲሆንልኝ ነው።» ከአቶቴም ይምጣ ከዳቶ፣ ነጋዴም ይሁን አስተማሪ፣ አባባሉ ያው ነው። አንዱ ምግቡ ላይ በርበሬ ይነሰንስበታል። ሌላው ጆሮውን ያስቆርጠዋል። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ይህን የሚያደርጉት ደግሞ ጨካኞች አይደሉም። ውሻቸውን የሚወዱ፣ ከአባታቸው ያዩትን የሚደግሙ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በር ላይ ቆሜ በየቀኑ የምናገረውን በጽሑፍ ላስቀምጠው።

«ገና ቡችላ ነው፣ ምን ያውቃል? ይረሳዋል» የሚለው ይቅደም። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በተወለደ በ2 ሳምንት ገደማ ነው። መስማት የሚጀምረው ደግሞ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ነው። ሰው ይህን ያይና ምንም የማይሰማው ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንጎሉ ገና በመሠራት ላይ ስለሆነ ነው በቀላሉ የሚጎዳው። የመታው እጅ የማን እንደነበር ላያስታውስ ይችላል። አንጎሉ ግን በዚያ ፍርሃት ልክ ይሠራል።

እንዴት? እንስሳ ሲደነግጥ ከአንጎሉ ትእዛዝ ይወጣል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የጭንቀት ሆርሞን ይለቃሉ። በእኛም በውሻም ሆርሞኑ ኮርቲሶል ይባላል። ልብ ይደልቃል፣ ጡንቻ ይወጠራል። አደጋው ሲያልፍ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ሆርሞኑ መብዛቱን አውቆ «በቃ» ይላል። ፍሬን እንደማለት ነው። ይህ ፍሬን የሚስተካከለው በጨቅላነት ነው። ካናዳ፣ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ እነ ማይክል ሚኒ ይህን በአይጦች ላይ ለዓመታት አጥንተውታል። አንዳንድ እናት አይጥ ልጆቿን አብዝታ ትልሳለች፣ አንዳንዷ ደግሞ እምብዛም አትልስም። በ2004 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ብዙም ያልተላሱት ልጆች ሂፖካምፐስ ውስጥ፣ የጭንቀት ሆርሞን መቀበያውን የሚሠራው ጂን ላይ ኬሚካላዊ ምልክት በዝቶ ተገኘ። ጂኑ እንደልቡ አይሠራም፤ መቀበያው ያንሳል፤ ፍሬኑ ይላላል። ምልክቱ ካደጉም በኋላ አብሯቸው ነው። እንግዲህ «ይረሳዋል» የሚሉት ይህን ነው።

«ዘሩ ነው፣ ከእናቱ የወረሰው ነው።» ዘር ድርሻ አለው፣ አልክድም። ግን እዚያው ማክጊል፣ እምብዛም ከማትልስ እናት የተወለዱትን አብዝታ ለምትልሰው ሲሰጧት፣ ልጆቹ እንዳሳዳጊያቸው ሆኑ። ሴቶቹም አድገው ሲወልዱ ልጆቻቸውን ልክ እንደ አሳዳጊያቸው ላሱ። ይህ በ1999 የታተመ ሥራ ነው።

«ከበላ ከጠጣ ሌላ ምን ይፈልጋል?» የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሪ ሃርሎው በ1950ዎቹ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ከእናታቸው የተለዩ የጦጣ ግልገሎችን ሁለት ሰው ሠራሽ «እናቶች» ሰጣቸው። አንዷ ሽቦ ብቻ ናት፣ ወተቱ ያለው እሷ ጋ ነው። ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች ናት፣ ወተት የላትም። ግልገሎቹ ከሽቦዋ ጠብተው ወዲያው ወደ ጨርቋ ይመለሱና ተለጥፈውባት ይውላሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረዳት ይቻላል?

«በወሩ ካልወሰድኩት ሌላ ሰው ይለምዳል።» ይህ ከተማችን ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ቡችላው ጥርሱ ብቅ እንዳለ በካርቶን ተደርጎ ይመጣል። አትውሰዱት። ጣሊያን ውስጥ ተሠርቶ በ2011 የወጣ ጥናት፣ በ30 እና በ40 ቀናቸው መካከል ከእናት የተለዩ ውሾችን በ60 ቀናቸው ከተለዩት ጋር አነጻጽሯል። ቀድመው የተለዩት ዘንድ ፍርሃት፣ በድምፅ መደናገጥ፣ ያለ ልክ መጮህ፣ ዕቃ ማበላሸት በዝቶ ታይቷል። ቡችላ ሲነክስ ምን ያህል እንደሚያም የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ ነው። አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ይጮህና ጨዋታው ይቆማል። ያንን ትምህርት ያላገኘ ቡችላ በልጆቻችሁ እጅ ላይ ነው የሚማረው። ለድመት ደግሞ ጊዜው ከዚህም ያጥራል፤ ሰውን የምትለምደው በዋናነት ከ2 እስከ 7 ሳምንቷ ባለው ነው።

አሁን ወደ ጨለማው ልምጣ። እምነቱ ይህ ነው፦ ቡችላው ሰው ሳያይ ካደገ፣ ከተመታም፣ ሰው ይጠላል፤ ሰው የጠላ ውሻ ግቢ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ሰው ይፈራል። ሁለተኛው ግማሽ ነው ውሸቱ።

በ1961 አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር ላይ የተሠራ ሥራ አለ። ቡችሎችን በአጥር በተከለለ ሜዳ ከእናታቸው ጋር፣ ከሰው ሳያገናኙ አሳደጉ። የተወሰኑትን በተለያየ ዕድሜያቸው እያወጡ ለአንድ ሳምንት ከሰው ጋር አዋሏቸው። ገና በጥቂት ሳምንታቸው የወጡት ሰውን ለመዱ። እስከ 14 ሳምንት ሰው ያላዩት ግን በኋላ ብዙ ቢደከምባቸውም ከሰው እንደሸሹ ቀሩ። ልብ በሉ፣ ማንም አልመታቸውም። ያጡት ትውውቅ ብቻ ነው። ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ የቡችላ አንጎል «ይህ የእኔ ዓለም ነው፣ ይህ አያሰጋም» ብሎ የሚመዘግብበት ነው። በዚያ ወቅት ያላየው ነገር በኋላ ጠላት ሊሆንበት ይችላል። ጨለማ ቤት ለዘጋችሁበት ቡችላ ደግሞ ከቤቱ ውጭ ያለው ሁሉ ጠላት ነው።

አንድ ጋሼ ዓመት ገደማ የሆነው ውሻ አመጡልኝ። እስከ 4 ወሩ ከሽንት ቤት ጎን ባለች የቆርቆሮ ክፍል ተዘግቶበት ነው ያደገው። ከባጃጅ ሲወርድ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ነው የተሳበው። ጅራቱ በእግሮቹ መሃል ገብቷል፣ ዓይኑ ነጩ ብቻ ይታያል። መርፌ አልያዝኩም። እጄን ወደ ጋዋኔ ኪስ ስሰድ ብቻ ሽንቱን ለቀቀ። የመጡት የልጅ ልጃቸውን ስለነከሰ ነው። ልጁ ኳሱን ሊያነሳ ከአጠገቡ ጎንበስ ብሎ ነበር። «ሌባስ?» አልኳቸው። ሌባ ገብቶ ዕቃ ተሸክሞ በሄደበት ሌሊት ውሻውን ሮቶው ሥር ተደብቆ ነው ያገኙት። ይህን ሲነግሩኝ በጣም አዝነው ነበር፤ ውሻውን ይወዱታል።

እንዲህ ያለ ውሻ መውጫ ሲያጣ ይነክሳል፣ መውጫ ሲያገኝ ይሸሻል። ሌባ መውጫውን አይዘጋበትም። ከአጠገቡ የሚጎነበሰው ልጅ ነው የሚዘጋበት። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸውም ለቅጠሉም ለነፋሱም ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ድምፁን መስማት ይተዋል። ጥሩ ጠባቂ ውሻ ባጃጁን፣ ውኃ ቆጣሪ አንባቢውን፣ ለቡሄ ዱላቸውን ይዘው የሚመጡትን ልጆች የሚያውቅ ነው። ያልተለመደውን ለመለየት የተለመደውን ማወቅ አለበት። በርበሬውማ ሆዱን ከማቃጠል ሌላ ሥራ የለውም። ጆሮ መቁረጥም ሕመም ብቻ ነው።

ይህን ስናገር «እንግዲያስ ምንም አይንካው» ብለው ጫፍ የሚይዙም አሉ። እሱም ስህተት ነው። ተመራማሪው ሲይሞር ሌቪን በ1957 እንዳሳየው፣ በየቀኑ ለደቂቃዎች ከጎጇቸው ወጥተው የተመለሱ የአይጥ ልጆች ካደጉ በኋላ ጭንቀትን የተሻለ ተቋቁመዋል። በኋላ የተሠሩ ሥራዎች በቀን 15 ደቂቃ መለየትንና 3 ሰዓት መለየትን ሲያነጻጽሩ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። አጭሩ አጠነከረ፤ ረጅሙ ጎዳ። አጭር ድንጋጤ ሆኖ እናቱ ጋ ሲመለስ ይማርበታል። የሚጎዳው የማያቋርጠው፣ መጠጊያ የሌለው ነው።

ስለዚህ ቢያንስ 8 ሳምንት እናቱ ጋ ይቆይ። እዚያው እያለ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ ያዙት፣ ልጆችም ተቀምጠው ይንኩት። ቤት ሲመጣ ሰው ከሚንቀሳቀስበት ቦታ አታርቁት። ክትባቱን እስኪጨርስ ከመንገድ ውሾች ጋር አታገናኙት፣ ግን አቅፋችሁ ውጡ። መናኸሪያውን ከሩቅ ይስማ፣ ሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎቹን ይይ። ከፈራ አትጎትቱት፤ ራቅ በሉና ምግብ ስጡት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በ3 ወሩ አስከትቡት። ቡችላም ቢሆን ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ።

የቀረው «አንዴ ከተበላሸ አይመለስም» የሚለው ነው። በ2002 የታተመ የማክጊል ጥናት ከእናታቸው ለረጅም ሰዓት እየተለዩ ያደጉ አይጦችን ጡት ከተዉ በኋላ ሰፊ ቤት፣ መጫወቻና ጓደኛ ሰጣቸው። የድንጋጤ ምላሻቸው ተስተካከለ፤ ከሥሩ ያለው የአንጎል ለውጥ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በውሻም የማየው ይህንኑ ነው። የጋሼን ውሻ ሰንሰለቱን አስፈታን፣ ጥላ ያለው መደበቂያ ሠሩለት፣ ምግቡን በተወሰነ ሰዓት አንድ ሰው ብቻ እንዲሰጠው አደረግን። ከወራት በኋላ ከእጃቸው መብላት ጀመረ። ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ግን ዛሬም ያለ አጥር አይለቀቅም። እንዲህ ዓይነት ውሻ ያላችሁ፣ ልጅና ውሻ ብቻቸውን አይቆዩ። ዓይኑን አፍጥጣችሁ አትዩት፣ ከላይ አትጎንበሱበት፣ ጎን ለጎን ተቀመጡና እሱ እስኪመጣ ጠብቁ።