የወር አበባ ህመምና «ማስታገሻ መካን ያደርጋል» የሚለው ስህተት

በትምህርት ቤት ክሊኒክ በነርስነት ሳገለግል ከሁሉ በላይ ያታከተኝ፣ በወር አበባ ህመም የምትሠቃይ ልጅ «መድኃኒት ከለመድሽ መካን ትሆኛለሽ» እየተባለች ማስታገሻ መከልከሏ ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በጓደኞቿ ተደግፋ ስትመጣ ግንባሯ በላብ ርሶ፣ ከንፈሯ ገርጥቶ ነበር፤ ክኒኑን ስሰጣት ግን «እማዬ እንዳትወስጂ ብላኛለች» ብላ እጇን ሰበሰበች። እናቷ ዘንድ ብደውል «ሲስተር፣ ነገ መውለድ አለባት እኮ» አሉኝ።

ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ፍርሃታቸው ግን መሠረት የለውም። በወር አበባ ጊዜ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም የማህፀንን ጡንቻ አጥብቆ ስለሚያኮማትርና ወደዚያ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ ቁርጠቱ ይነሣል፤ ማቅለሽለሹና ተቅማጡም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አይቡፕሮፌን የተባለው ማስታገሻ የዚህን ንጥረ ነገር መመረት ይቀንሳል እንጂ ማህፀንን አይጎዳም፤ በየወሩ ለሁለት ሦስት ቀን መውሰዱም መካን አያደርግም።

«ሞክሬው አልሠራልኝም» የሚሉኝ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ህመሙ እስኪጠና ታግሠው ግማሽ ፍሬ የዋጡ ናቸው። መድኃኒቱ መወሰድ ያለበት ቁርጠቱ ወይም ደሙ እንደጀመረ፣ ምግብ ተቀምሶ ነው። ከ12 ዓመት በላይ ለሆነች ልጅ የተለመደው መጠን በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1200 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ህመም ወይም አስም ያለባት ልጅ ግን አስቀድማ ሐኪም ታማክር።

ገላ መታጠብ ደሙን ያስቀራል የሚባለው ሐሰት ነው፤ እንዲያውም ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ሆድ ላይ ማድረግ ያስታግሣል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ በ7ኛ ክፍል ያላመማት ልጅ በ9ኛ ክፍል ሲያማት «ወንድ ጀምራለች» ወይም «ፈተና ሽሽት ነው» ተብላ መጠርጠሯ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባ ብዙውን ጊዜ እንቁላል ሳይለቀቅ የሚመጣ በመሆኑ እምብዛም አያምም፤ ቁርጠቱ የሚብሰው እንቁላል በየወሩ መለቀቅ ሲጀምር ነው። ህመሙ ዘግይቶ መምጣቱ የዕድገት ምልክት እንጂ የነውር ማስረጃ አይደለም፤ ይህን ዩኒት ሊደሮችም ሊያውቁት ይገባል።

«ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለውም ለ15 ዓመት ልጅ መልስ አይሆንም። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዳ ለሦስት ወር ያልተሻላት፣ ከወር አበባ ውጪም የሚያማት፣ ሞዴሷ በየሰዓቱ የሚርስ፣ ወይም በየወሩ እየቆረጣት ደም ጨርሶ የማታይ ልጅ በአፋጣኝ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት። ከእነዚህ ምልክቶች ከአንዳንዶቹ በስተጀርባ የማህፀን ሽፋን መሰል ሥጋ ከማህፀን ውጪ የሚያድግበት ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊኖር ይችላል፤ እናትየው ከክኒኑ የፈሩትን መካንነት ሊያስከትል የሚችለውም ይኸው፣ «ቻይው» ተብሎ የታለፈው ህመም ነው።